ለአሮጌ ፒክአፕ የትኛው የኋላ ፓራውልት?

ከጣርማ በር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና፣ ከደብረ ሲናም ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሹፌር 50 ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቆላ ይገባል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ መንገዱን ካወጣ ወዲህ የወሎና የትግራይ ጭነት በዚህ ቁልቁለት ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። ከትልልቆቹ ተሳቢዎች ጎን ለጎን ደግሞ አሮጌ ፒክአፖች ይሠራሉ። ከመንዝ በኩል በግና ገብስ ያወርዳሉ፤ ከይፋት ሽንኩርት፣ ማሾና ማንጎ ያወጣሉ። እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ይውላሉ። ብዙዎቹ የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሃይሉክስና ላንድክሩዘር ናቸው፤ አልፎ አልፎም ዳትሰንና አይሱዙ ይገኝባቸዋል።

በእነዚህ መኪኖች ላይ ቶሎ ቶሎ ከሚቀየሩት፣ ግን ብዙም ከማይታሰብባቸው ዕቃዎች አንዱ የኋላ ፓራውልት ነው። ሞተር ሲወርድ ባለንብረቱ ሦስት መካኒክ ያማክራል። ፓራውልት ሲጣመም ግን ቅርብ ካለ በያጅ ዘንድ ይቆምና ያገኘውን ብረት አስለጥፎ ይሄዳል። የኔ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፦ ፓራውልቱ የሚመረጠው በራሱ ጥንካሬ አይደለም፣ ለታሰረበት ሻንሲና ከኋላ ለሚመጣው ሰው በሚያደርገው ነገር ነው። የሻንሲው ጫፍ ከተጣመመ ወይም ከተሰነጠቀ መኪናው ወደ ፍጻሜው ተቃርቧል። ፓራውልት ግን ሁልጊዜ ይተካል።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ፣ ፒክአፕ ሲሠራ የኋላ ፓራውልት ነበረው ወይ ብሎ መጀመር ይበጃል። መልሱ ብዙ ሰው ከሚገምተው ይለያል። በአሜሪካ ፎርድም ሆነ ሸቭሮሌት ለብዙ ዓመታት ፒክአፕ ሲሸጡ የኋላ ፓራውልት በተጨማሪ ክፍያ የሚታዘዝ ዕቃ ነበር። ከ1973 ሞዴል (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አውቶሞቢሎች በዝቅተኛ ፍጥነት ግጭትን የሚችል ፓራውልት እንዲኖራቸው ሲገደዱ እንኳ ፒክአፕ ከግዴታው ውጭ ቀረ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፒክአፕ የሥራ መኪና ነው፣ ገበሬው ከኋላ የፈለገውን ይሰቅልበታል ተብሎ ታሰበ። ቶዮታም በ1968 (እ.ኤ.አ.) ሃይሉክስን ካወጣ በኋላ በዚያው ልማድ ሄደ። መኪናው እንደተላከበት አገር አንዳንዱ ከነፓራውልቱ፣ አንዳንዱ ሁለት ትንንሽ ብረት ከጥግና ከጥግ ተሰክቶለት፣ አንዳንዱ ምንም ሳይኖረው ይመጣል። ላንድክሩዘር ፒክአፕም ጋቢናና ሻንሲ ብቻ ሆኖ ገብቶ የጭነቱ ሳጥን እዚሁ የተሠራለት አለ።

ስለዚህ «ኦርጅናሉን ነው የምፈልገው» የሚል ሰው መጀመሪያ ኦርጅናሉ ምን እንደነበር ማረጋገጥ አለበት። ከሻንሲው ጫፍ ጎንና ጎን በፋብሪካ የተበሱ፣ ጠርዛቸው ንጹሕና እኩል የሆኑ ቀዳዳዎች ካሉ ለፓራውልት መያዣ የተዘጋጀ ቦታ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ዙሪያውን የተቀደደ ወይም በእሳት የተበሳ ከሆነ ግን ከዚህ በፊት ሌላ እጅ ገብቶበታል።

አሮጌው ፓራውልት ለምን ይጠፋል? ግጭት አንዱ ምክንያት ነው፣ ግን በዚህ አካባቢ የመጀመሪያው ነው ብዬ አላምንም። በግና ፍየል በሚጭን ፒክአፕ ላይ ሽንቱ በጭነቱ ወለል ስንጥቅ እየወረደ የሻንሲውን የመጨረሻ ማገርና የፓራውልቱን መያዣ ያርሳል። ሽንት ጨውና አሞኒያ አለበት፤ ከአቧራና ከጭቃ ጋር ተለጥፎ ሲከርም ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል። ከውጭ ሲታይ ቀለሙ ደህና ነው፤ ከሥር ተንበርክኮ በመዶሻ ጫፍ ቀስ ብሎ ሲመታ ግን ዝገቱ ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ይረግፋል። የጣርማ በር ጉምና እርጥበት ደግሞ ይህ እንዳይደርቅ ያደርገዋል። ከገበያ መልስ የጭነቱን ሥር በንጹሕ ውኃ ማጠብ ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፤ አዲስ ፓራውልት ከመግዛት በፊት መለመድ ያለበትም ይኸው ነው።

ሌላው ምክንያት ሰው ነው። ፓራውልት እንደ ደረጃ ያገለግላል፤ ጭነት የሚጭነውም፣ ገበያተኛውም፣ ረዳቱም ይረግጠዋል። አንድ ጫፉ ላይ ሁለት ሰው ሲቆም መያዣው በዚያ በኩል ቀስ በቀስ ይወርዳል። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ መኪናው እየሄደ ፓራውልቱ ላይ ቆሞ መጓዝ ነው። በደብረ ሲና ጥምዝምዝ ላይ ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ሰፊ ደረጃ ያለው ፓራውልት የሚያሠራ ባለንብረት ያንን ቦታ ለማን እያመቻቸ እንደሆነ ቢያስብበት እወዳለሁ።

አሁን ወደ ምርጫዎቹ እንምጣ። የመጀመሪያው ያለውን ማቃናት ነው። ቀለም የተቀባ የብረት ፓራውልት ካልዛገ ይቃናል፤ ጥሩ ቦዲ ሠሪ ከውስጥ በኩል በእንጨት እየደገፈ በመዶሻ ያወጣዋል፣ ጥቂት ስቱኮ ይነካዋል፣ አንቲረስት ቀብቶ ቀለሙን ያለብሰዋል። ኒኬልና ክሮም የለበሰው ግን ሌላ ነው። ከላይ የሚያብረቀርቀው ክሮም እጅግ ስስ ነው፤ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ከሥሩ ያለው ኒኬል ነው። ብረቱ ሲጣመምና ተመልሶ ሲቃና ሁለቱም ይሰነጠቃሉ፣ ውኃ በስንጥቁ ይገባል፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ ልብሱ እንዳለ ይነሣል። እንዲህ የሆነውን ክሮም ሙሉ በሙሉ አስፍቆ በቀለም መጨረስ ከማስመሰል ይሻላል።

ሁለተኛው ያገለገለ መግዛት ነው። ሰው ለዚህ አዲስ አበባ ይወጣል፤ መርካቶ ሶማሌ ተራ የተፈታታ መኪና ዕቃ የሚፈለግበት ሰፈር ነው። እዚያ የሚገኘው ዕቃ ከአዲሱ ቅጂ ብዙ ጊዜ ይወፍራል፣ መያዣውም አብሮት ከተገኘ ትልቅ ዕድል ነው። ችግሩ የትውልዱ መለያየት ነው። ሃይሉክስ በ1983፣ በ1988 እና በ1997 (እ.ኤ.አ.) መልኩን ቀይሯል፤ ከውጭ የሚመሳሰል ፓራውልት በመያዣው ርቀት አይገጥምም። ሻጩ «ይገባል ጋሼ፣ ያው ሃይሉክስ ነው» ይላል። ሥዕል በስልክ ይዞ መሄድ አይበቃም። የሁለቱ ሻንሲ ጫፎች ውጭ ለውጭ ርቀት፣ ከቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ልክ፣ ከጭነቱ ወለል እስከ ቀዳዳው ያለው ቁመት ተለክቶ በወረቀት ይያዝ። ደረሰኝም ይጠየቅ፤ የማን መኪና እንደነበረ የማይታወቅ ዕቃ ገዝቶ ኋላ ከመጠየቅ ያድናል።

ሦስተኛው ከውጭ የሚገባው አዲስ ቅጂ ነው፤ በእሱ ላይ ብዙ አልቆይም። ላሜራው ስስ ነው፣ መልኩ ያምራል፣ ለከተማ ይበቃል። በግ ለሚጭንና ከኋላው ተደግፎ ለሚገፋ መኪና ግን ዕድሜው አጭር ነው።

ክርክሩ የሚሞቀው በአራተኛው ላይ ነው፤ እዚሁ በብየዳ የሚሠራው። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲናም ሆነ ሸዋ ሮቢት በር የሚሠራ ሁሉ ፓራውልትም ይሠራል። ቱቦላሬውም ላሜራውም እጁ ላይ አለ፣ በአንድ ቀን ያልቃል፣ የሚፈለገው ደረጃም መጎተቻም ይገባበታል። እኔ ይህን ሥራ አልንቅም። አሮጌ መኪናን በሥራ ላይ ያቆዩት እነዚህ እጆች ናቸው፤ መርካቶ ያጣውን ዕቃ ሰው የሚያገኘው ከነሱ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ውፍረቱ ላይ ነው። በያጁ «ጋሼ፣ ይቺ ስስ ናት፤ ባለ ስድስት ሚሊ ላድርግልዎት፣ ማንም ቢመታዎት ምንም አይሆኑም» ይላል። ባለመኪናውም «አድርግልኝ የኔ ልጅ፣ ጠንከር ይበል» ብሎ ይስማማል። ሁለቱም በቅን ልብ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ስድስት ሚሊ ላሜራ በካሬ ሜትር 47 ኪሎ ይመዝናል። 1.6 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ታጥፎ ታጥፎ ግማሽ ሜትር ስፋት የሚፈጅ ፓራውልት ብቻውን ወደ 38 ኪሎ ይሆናል፤ መያዣና መጎተቻ ሲጨመርበት 45 ይደርሳል። ይህ ክብደት የተሰቀለው ከኋላው አክስል 1.2 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ወጥቶ ነው። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 2.85 ሜትር ባለው ሃይሉክስ ላይ የኋላው አክስል የሚሸከመው 45 ሳይሆን 64 ኪሎ ይሆናል፤ ትርፉ 19 ኪሎ ከፊት ጎማዎች ላይ የተነሣ ነው። ፊቱ የቀለለ መኪና መሪው ይቀላል፣ በተለይ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ። ባሌስትራውም ባዶውን እየሄደ እንኳ ያንን ክብደት በየጉድጓዱ ይቀበላል። በሦስት ሚሊ ላሜራ ቢሠራ ያው ቅርጽ 19 ኪሎ ብቻ ይሆን ነበር።

ከክብደቱ የሚብሰው ግን ኃይሉ የሚሄድበት ነው። የፋብሪካ ፓራውልት መያዣ ከሻንሲው የደከመ ሆኖ የተሠራው ታስቦበት ነው፤ ሲመታ እሱ ይታጠፍና ሻንሲው ይተርፋል። ስድስት ሚሊ ብረት በቀጥታ ሻንሲው ላይ ሲበየድ የሚታጠፍ ነገር አይኖርም። ከኋላ የመጣው ግፊት እንዳለ ወደ ሻንሲው ይገባል፤ ሻንሲው ጭነቱ ከሚያርፍበት ማገር አጠገብ ይጎብጣል፣ የጭነቱ ሳጥን ከጋቢናው ጋር ያለው ክፍተት ከላይና ከታች እኩል መሆኑ ይቀራል። አሮጌ ፒክአፕ የሚገዛ ሰው ያንን ክፍተት ከጎን ቆሞ ቢያይ ብዙ ታሪክ ያነብበታል። ብየዳው ራሱም ጣጣ አለው። በሻንሲው ከንፈር ላይ ወደ ጎን የተሳበ የብየዳ መስመር አጠገቡ ያለውን ብረት ስለሚያደርቀው፣ ስንጥቅ የሚጀምረው ከብየዳው ሳይሆን ከብየዳው ጠርዝ ነው።

ስለዚህ እዚሁ የሚሠራ ፓራውልት መጥፎ ምርጫ ነው አልልም። ሦስት ሚሊ ይሁን፣ በብሎን ይታሰር፣ መያዣው ከፓራውልቱም ከሻንሲውም የደከመ ይሁን። መጎተቻ የሚፈልግ ሰው መጎተቻውን ከፓራውልቱ ነጥሎ፣ ሁለቱን ሻንሲ በሚያገናኘው ማገር ላይ በወፍራም ብሎን ያሳስር። ጉተታና ግጭት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንዱ ጥንካሬ ይፈልጋል፣ ሌላው መታጠፍ።

ምንም አለማሰርን የሚመርጡም አሉ፣ ምክንያታቸውም ይገባኛል። የሮቢን ወይም የጀውሃን ወንዝ በደረቁ ጊዜ የሚሻገር፣ ወደ እርሻው የሚወጣ መኪና ከኋላው የሚንጠለጠል ነገር ባይኖረው ይመረጣል። ከጎማው ጀርባ 80 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ ከመሬት 55 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ፓራውልት 34 ዲግሪ ያህል ዳገት ያስወጣል፤ ወደ 45 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ግን 29 ዲግሪ ላይ መሬት ይነካል። አምስት ዲግሪ በወንዝ ዳር ብዙ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሁለት እውነቶች የሚጋጩት። ለባለ ፒክአፑ ከፍ ማለቱ ይጠቅመዋል፤ ከኋላው ለሚመጣው ደግሞ ዝቅ ማለቱ። የተባበሩት መንግሥታት 42ኛው የተሽከርካሪ ደንብ የአውቶሞቢል ፓራውልትን የሚፈትነው ከመሬት 445 ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው። ለጭነት መኪኖች የወጣው 58ኛው ደንብ ደግሞ ከኋላ ያለው መከላከያ ከመሬት ከ550 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይርቅ ሲያዝ ቆይቷል። የዚህ ሁሉ ምክንያት አንድ ነው፤ ትንሹ መኪና ከትልቁ ሥር እንዳይገባ። አሜሪካዊቷ ተዋናይት ጄይን ማንስፊልድ በሰኔ 1967 (እ.ኤ.አ.) ከኒው ኦርሊንስ አቅራቢያ የሞተችው የተሳፈረችበት መኪና ከተሳቢ ሥር ገብቶ ነው። በተሳቢ ጅራት ላይ የሚንጠለጠለው ብረት በስሟ እስከ መጠራት ቢደርስም፣ የተሻሻለው የአሜሪካ የተሳቢዎች ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው በ1998 (እ.ኤ.አ.) ነው።

በእኛ መንገድ ከፒክአፕ ጀርባ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሚኒባስ ነው። የሚኒባስ ሹፌር ጉልበቱ ከፊት ላሜራው ጥቂት ብቻ ነው የሚርቀው፤ ከጎኑ የተቀመጠው ተሳፋሪም እንዲሁ። ፒክአፑ ፓራውልት ከሌለው ወይም በጣም ከፍ ብሎ ከተሰቀለ፣ ሚኒባሱን የሚያገኘው የጭነቱ ወለል ጠርዝ ነው። በጣርማ በር ጉም ውስጥ ፍሬን የጋለበት ሹፌር ለመቆም ስንት ሜትር እንደሚፈልግ በዚያ መንገድ የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ በአስፋልቱ ላይ ለሚውል ፒክአፕ ፓራውልት አለማሰርን አልደግፍም። እርሻና ወንዝ ለሚበዛበት መኪና የማየው መፍትሔ ከ50 እስከ 55 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ ጥግና ጥጉ ወደ ላይ የታጠፈ፣ ብዙም ወደ ኋላ የማይወጣ ፓራውልት ነው።

የመብራት ነገር ከዚሁ አይነጠልም። ባዶ ጋቢናና ሻንሲ ሆነው ከገቡት በአንዳንዶቹ ላይ ስቶፑም ፍሬቻውም ያለው ከፓራውልቱ ጋር ነው፤ ፓራውልቱ ሲወልቅ ሽቦው ተቆርጦ ይቀራል። ታርጋውም እንዲሁ። አዲስ የሚያሠራ ሰው ለታርጋው መቀመጫና ለታርጋ መብራቱ ቀዳዳ ከብየዳው በፊት ያስለካ። ከግራና ከቀኝ ቀይ አንጸባራቂ መለጠፍ በጉም ውስጥ ከማንኛውም ወፍራም ብረት ይልቅ ያድናል፤ ባትሪ ባይሠራም ያበራልና።

በተግባር ሲቀየር የሚረሱ ጥቂት ነገሮች አሉ። የቶዮታ መያዣ ብሎኖች ብዙ ጊዜ በ14 ወይም በ17 ቁልፍ ይፈታሉ። ለዓመታት የዛገን ብሎን በጉልበት መፍታት መበጠስ ነው። ከዋዜማው ማታ በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ ዘይት ማጠጣት፣ ጠዋት መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው በኩል ጥቂት ነቅነቅ አድርጎ ከዚያ ወደ መፍቻው መመለስ ይሻላል። ታንከሩ ከጭነቱ ሥር ባለበት መኪና እሳት ይዞ መቅረብ በፍጹም አይገባም። ብየዳ ግድ ከሆነ የባትሪው ኬብል ይነቀል፤ አለዚያ የአልተርኔተሩ ዳዮድ ሊቃጠል ይችላል። ፓራውልቱ ሲወርድ ከሁለት ሰው ባያንስ፣ ከሥሩም ክሪክ ቢኖር መልካም ነው።

በሃይሉክስ ላይ ስኮርታ ጎማው ከጭነቱ ሥር በሰንሰለት ተሰቅሏል፤ የሚወርደውም ከኋላ በሚገባ ረጅም እጀታ ነው። እዚህ የሚሠሩ ብዙ ፓራውልቶች ያንን የእጀታ ቀዳዳ ይደፍኑታል። ሹፌሩ ይህን የሚያውቀው ከአርማኒያ በታች ጎማ ሲፈነዳበት፣ ማታ ነው። የኋላው ስፖንዳም ሲከፈት ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ይወርድ እንደሆነ በካርቶን ቅርጹን ቆርጦ ቀድሞ መሞከር ያሻል፤ የፓራውልቱ መሀል ከጥግና ጥጉ ዝቅ ብሎ የሚሠራው ለዚሁ ነው።

ከሁሉ በኋላ የተፈታው አሮጌ ፓራውልት የት ይሂድ የሚለው ይቀራል። ብዙ ሰው በኪሎ ሸጦት ይሄዳል፣ ብረቱም ምናለሽ ተራ ደርሶ ምድጃ ወይም ማጠፊያ ይሆናል። ድሮ ይህ አያስቆጭም ነበር፤ አሁን ግን ያስቆጫል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ መኪኖች ላይ ግብሩን እጅግ ከፍ አደረገ፤ በጥር 2016 ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ፤ በሐምሌ 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተወደደ። ያሉት አሮጌ ፒክአፖች ገና ብዙ ዓመት መሥራት አለባቸው። የተጣመመም ቢሆን የፋብሪካ ፓራውልት፣ በተለይም መያዣዎቹ፣ ለሚቀጥለው በያጅ ልክ የሚወሰድባቸው ናሙናዎች ናቸው። ዝገቱ ተፍቆ፣ አንቲረስት ተቀብቶ፣ ብሎኖቹ ከነዳዷቸው በሽቦ ታስረውበት ከመጋዘን ጥግ ይቀመጥ፤ መኪናው ሲሸጥም ከሊብሬው ጋር ለገዢው ይሰጥ።